«አባ ነይ!» ትለኛለች

የአራተኛ ፎቅ አባት (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10)

ልጄ 19 ወር ሞላት። ከሥራ ስገባ ከሳሎን እየሮጠች መጥታ እጇን ትዘረጋና «አባ ነይ!» ትላለች። «ና» አይደለም። «ነይ»። ጎረቤት ፊት፣ የጥበቃው ሰውዬ ፊት፣ ቦታ አትመርጥም። ባለፈው አለቃዬ በስልክ እያወራኝ ሰምቶ «አንተን ነው ነይ የምትልህ?» ብሎ ሳቀብኝ።

እኔም ስቄ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን ምን ታድርግ? ቀኑን ሙሉ የምትሰማው እሱን ነው። ነይ ብዪ። ነይ እጅሽን ታጠቢ። ነይ ከዛ ውረጂ። እናቷም፣ አክስቷም፣ ቤት የምታግዘን ልጅም የሚጠሯት እንዲህ ነው። እሷ የምታውቀው ሰው ሲጠራ «ነይ» እንደሚባል ነው፣ አለቀ። «ና» የሚባል ነገር እንዳለ ከየት ታምጣው?

ከዛ ቀን ጀምሮ ጆሮዬን ጣል አድርጌ እሰማት ጀመር። እንድናቅፋት ስትፈልግ ሁለት እጇን ወደ ላይ ሰቅላ «አንሳሽ!» ትላለች። «ላንሳሽ?» ስለምንላት። መታዘል ሲያምራት ነጠላ እየጎተተች ትመጣና «አዝልሽ!»። ብስኩት ስትፈልግ ደግሞ መዳፏን ዘርግታ «እንቺ! እንቺ!»። እሷ ዘንድ «እንቺ» ማለት ብስኩት ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ሲሄድ የሚባል ነገር ነው። ከማን ወደ ማን የሚለው ዝርዝር ውስጥ አትገባም።

በትክክል የምትጠቀምባት አንዲት ቃል ብቻ ናት፦ እምቢ። እሷንም ቢሆን ብስኩቱን እየተቀበለች ነው የምትለው።

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሊፍት የለውም። 72 ደረጃ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። ድሮ አቅፌያት ሁለት ደቂቃ ይፈጅብን ነበር። አሁን ራሷ ካልወጣች «እምቢ» ነው። ሃያ አምስት ደቂቃ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጎረቤቶች ጫማቸውን በር ላይ ያወልቃሉ። እዛ ስንደርስ ጉዞው ይቆማል። አንዱን ጫማ ታነሳለች፣ ታገላብጣለች፣ ሶሉን በጣቷ ትነካለች፣ ከዛ ወስዳ ማዶ ያለው በር ላይ ታስቀምጠዋለች። ሌላውን ከማዶ ታመጣለች። እኔ ከኋላ ከኋላዋ እመልሳለሁ። አንድ ቀን ሳልመልስ ቀርቼ መሰለኝ፣ በማግስቱ ጠዋት ሁለት ጎረቤቶች በአንድ እግር ቆመው ሲነጋገሩ አገኘኋቸው። ሰላም ብዬ ወረድኩ።

ደግሞ እሁድ ቡና ሲፈላ። ባለቤቴ ቆልታ መቁያውን ይዛ ስትዞር ሁላችንም ጭሱን በመዳፋችን ወደ አፍንጫችን እንስባለን አይደል? ልጅቷ የድስት ክዳን ይዛ መዞር ጀመረች። አክስቷ ጋ ሄደች፣ አክስቷ በመዳፏ ሳበች። እናቷ ሳበች። ሶፋው ላይ የተቀመጠችው አሻንጉሊት ጋ ሄዳ የአሻንጉሊቷን እጅ ይዛ ራሷ አወዛወዘችላት። ከዛ እኔ ጋ መጣች። እኔ ስልኬ ላይ ነበርኩ። አላየኋትም። አልጮኸችም። ክዳኑን እንደያዘች ቆመች። ምን ያህል እንደቆመች አላውቅም። ቀና ስል ክዳኑን ስልኬ ላይ ከድናው ሄደች።

እናንተ ቤትስ ምን አለ? እስኪ ጻፉልኝ።

ቡና በጤናዳም (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡38)

ሃሃሃ ክዳኑን ከደነችው! የሥራህን ነው የሰጠችህ።

የኛ ቤት ደግሞ ተቃራኒው ነው። ወንድ ነው፣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ጎንደር ነን፣ እኔም እናቴም ስንቆላምጠው በሴት ነው። «አንቺ! ነይ እስኪ የኔ ቆንጅዬ።» ሁልጊዜ እንደዛ። «ና» የምለው ስቆጣ ብቻ ነው። ስለዚህ እሱ ጋ «ነይ» ማለት እቅፍ አለ ማለት ነው፣ «ና» ማለት ጥፋት ተገኝቷል ማለት ነው። «ና!» ካልኩት ሳይጠየቅ እጁን ወደ ኋላ ይደብቃል። ባለፈው አጎቱ ከአዲስ አበባ መጥቶ በፍቅር «ና ጎረምሳው!» ሲለው አልጋ ስር ገባ።

ተመልካች 77 (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡02)

ወንድሜ ይሄን ሁሉ ከምትጽፍ «አባ ና በይ» ብትላት አይሻልም?

የአራተኛ ፎቅ አባት (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡06)

ብያት ነበር። «አባ ና በይ» አልኳት። «አባ ና በይ» አለችኝ።

የመንታ እናት (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡20)

የኔዎቹ መንታ ናቸው፣ አንድ ወንድ አንድ ሴት። አሁን ሁለት ዓመት ከሦስት ወር። ያንተን ሳነብ ነው ያስተዋልኩት፣ እነሱ «ና» እና «ነይ» ላይ ብዙም አልተምታታባቸውም። ልጅቷ ወንድሟን «ና» ትለዋለች፣ እሱም እሷን «ነይ»። ቀኑን ሙሉ ሁለቱም ሲባል ስለሚሰሙ መሰለኝ። አንዱ ሲጠራ ሌላው ያያል።

ምሳሌ አድርጌ እንዳላወራ ግን፣ «የኔ» የሚለውን ቃል ካወቁ ጀምሮ ቤቱ ሰላም የለውም። ባዶ ካርቶን የማን ነው ተብሎ ግማሽ ሰዓት ተለቅሷል። ካርቶኑን ቀድጄ ለሁለት አካፈልኩ። አሁን ሁለቱም የሌላኛውን ግማሽ ነው የሚፈልጉት።

ሲስተር ነኝ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡15)

ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው፣ ተረኛ ሆኜ አድሬ ነው የማነበው፣ ብዙ አሳቃችሁኝ።

ወንድሜ፣ ምንም አትጨነቅ። በዚህ ዕድሜ «እኔ» እና «አንተ» መቀያየር የተለመደ ነው። ልጅ የሚደርሰው እሱን ወይ እሷን ብለን የምንናገረው ንግግር ነው፣ እሱኑ መልሶ ይሰጠናል። ስህተት ነው እያሉ ማቋረጥ አያስፈልግም። «አንሳሽ!» ስትልህ «አንሳኝ ነው ያልሽው? እሺ ላንሳሽ» ብለህ ማንሳት ብቻ። ጊዜው ሲደርስ ራሷ ታስተካክለዋለች።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። የ15 ወሩን ክትባት አስከተባችኋት? የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር ይሰጥና ሁለተኛው በ15 ወር ነው። ብዙ ወላጅ የ9 ወሩን ካስከተበ በኋላ ካርዱን መሳቢያ ውስጥ ከትቶ ይረሳዋል። ሁለተኛው ዙር ከተጀመረ ብዙ ዓመት ስላልሆነው ትላልቅ ልጆች ያሏቸው እናቶችም «በኛ ጊዜ አልነበረም» ይላሉ። አዎ አልነበረም፣ አሁን ግን አለ።

ሌላው። ራሷ ትራመዳለች፣ ጫማ ታነሳለች ካልክ ጠርሙስም ታነሳለች። በረኪና ወይ ላምባ ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ቀድቶ ማስቀመጥ የብዙ ቤት ልማድ ነው። ልጅ ሃይላንድ ሲያይ የሚያየው ውሃ ነው። እባካችሁ። ቆሎና ለውዝም እጇ እንዳይገባ፣ ትንታ በዚህ ዕድሜ ቀልድ የለውም።

የአራተኛ ፎቅ አባት (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡40)

ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ካርዱ... መሳቢያ ውስጥ ነው። አሁን አውጥቼ አየሁት። የ9 ወሩ አለ፣ ቀጥሎ ያለው ባዶ ነው። አርብ ፈቃድ ወስጄ ይዣት እሄዳለሁ። በረኪናውንም ከእቃ ማጠቢያው ስር አንስቼ ቁም ሳጥን ላይ ሰቅዬዋለሁ። ሃይላንድ ውስጥ ነበር። ለባለቤቴ አትንገሩብኝ ልል ነበር፣ የቀዳችው ራሷ ናት።

አዲስ እናት (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡05)

ሲስተር፣ ላስቸግርሽ። የኔ ልጅ 13 ወሩ ነው፣ ይድሃል፣ ሶፋ ይዞ ይቆማል፣ ግን አልሄደም። አማቴ በየቀኑ «የእገሌ ልጅ በአሥር ወሩ ሄዷል» ይሉኛል። ዳዴ ዳዴ ስንለው ቁጭ ብሎ ይስቃል።

ሲስተር ነኝ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡30)

አዲስ እናት፣ የዓለም ጤና ድርጅት በአምስት አገር ጤነኛ ልጆችን ተከታትሎ ብቻውን የሚራመድበትን ዕድሜ ሲያሰፍር ከ8 ወር ግድም እስከ 17 ወር ተኩል ነው ያለው። ያንቺ ልጅ መሃሉ ላይ ነው። ይዞ መቆሙ ጥሩ ነው። 18 ወር ደርሶ ካልሄደ ያኔ አምጪውና ይታይ። ለአማትሽ «ነርሷ ጊዜ አለው ብላለች» በያቸው፣ በኔ አሳብቢ።

ብርድ ለመድኩ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡12)

ስቶክሆልም ነው ያለሁት። የኔ ልጅ እናቱን «እማ ና» ነው የሚላት! ምክንያቱ እኔ ነኝ። እዚህ አገር ለአንድ ልጅ 480 ቀን የወላጅ ፈቃድ አለ፣ ከሱ 90ው ለአባት ብቻ የተለየ ነው፣ አባት ካልተጠቀመበት ለእናት አይተላለፍም። እኔ ሰባት ወር ቤት ዋልኩ። ሰባት ወር ሙሉ አማርኛ የሚሰማው ከኔ ብቻ ነበር፣ እኔ ደግሞ «ና፣ ብላ፣ ተው፣ ውረድ»። ባለቤቴ ከሥራ ስትገባ «እማ ና! እማ ብላ!»።

ሌላ ደግሞ ላጫውታችሁ። እኛ «አዎ» ለማለት አየር ወደ ውስጥ እንስብ የለ? «ህእ» የምንላትን። ልጄ ከኔ ወርሷታል። መዋያ በገባ በሁለተኛ ሳምንቱ አስተማሪዋ ለብቻዬ ጠራችኝና ፊቷን ኮስተር አድርጋ «አስም አለበት እንዴ?» አለችኝ። ውሃ ትፈልጋለህ ስትለው «ህእ»፣ ተጫወትክ ስትለው «ህእ»፣ ደንግጣለች ሴትዮዋ። ሳስረዳት አላመነችኝም። ያዳነችኝ ሌላዋ አስተማሪ ናት፣ የሰሜን ስዊድን ሰው ናት። እነሱም አገራቸው «አዎ»ን አየር ስበው ነው የሚሉት፣ «ሽፕ» ዓይነት ድምፅ። አድርጋ አሳየቻት። አሁን እሷና ልጄ ሲገናኙ አንዱ «ህእ» ሌላዋ «ሽፕ» ነው።

የአራተኛ ፎቅ አባት (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡50)

480! እኔ የወሰድኩት 3 ቀን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) ለአባት የሚሰጠው እሱን ነው። ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን። በሦስተኛው ቀን እኮ ገና የገንፎው እንግዳ ሄዶ አላለቀም። በአራተኛው ቀን ቢሮ ገብቼ «ማን ትመስላለች?» ሲሉኝ በደንብ አላየኋትም ነበር፣ ተኝታ ነው የምትውለው።

ያቺ «ህእ» ግን እኛም ቤት አለች። ሪሞቱን ጆሮዋ ላይ አድርጋ «አሎ... ህእ... ህእ... እሺ... ቻው ቻው ቻው ቻው» ትላለች። ቻው አራት ጊዜ። እናቷ ስትሰማ «እኔ እንደዛ ነኝ?» አለች። ማንም አልመለሰላትም።

እትዬ ሰብለ ቤት (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡15)

እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ጮክ ብዬ እያነበብኩላት ነው። ጻፊልኝ ያለችውን ልጻፍ፦ «እኛ አባታችንን አንቱ ነበር የምንለው። እግሩን አጥበን፣ እስኪቀመጥ ቆመን። አሁን ልጅ አባቷን አንቺ አለችው። ልጁ ደህና አባት ይመስላል፣ ዝም ብሎ ይምጣላት።»

ደግሞ ቀጥላ «ስልኩን ግን ይተው» ብላለች።

አሥረኛ ክፍል አስተምራለሁ (ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡20)

አማርኛ ነው የማስተምረው፣ በዚህ ክር ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። መጣ፣ ይመጣል፣ መምጣት። ትእዛዙ ግን «ና» ነው። አንድም ፊደል አይጋሩም! ከዛ ላይ ና፣ ነይ፣ ኑ፣ ለታላቅ ደግሞ ይምጡ። ለዚህ ሁሉ ሰዋስው የምትሰጠው ማንም የለም፣ ከወጥ ቤት ወሬ ለቅማ ነው። የኔ ተማሪዎች በፈተና ላይ የሚሠሩትን ካያችሁ ይህቺ ልጅ ልትደነቅ ነው የሚገባት።

ኩዌት ያለችው (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5፡45)

ሁላችሁንም ሥራ ጨርሼ አሁን ነው ያነበብኳችሁ። እኔ የምሠራበት ቤት የሁለት ዓመት ወንድ ልጅ አለ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ እኔ ነኝ የያዝኩት። ስናገረው ሳላስበው አማርኛ ይወጣኛል፣ እሱም ይዞታል። ሾፌሩን «ነይ» ይለዋል፣ እንደናንተው፣ እኔ ሳቆላምጠው በሴት ስለምጠራው። «እምቢ» ደግሞ አፉን የፈታበት ነው ማለት ይቻላል። ማዳም «እምቢ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «እሺ ማለት ነው» አልኳት።

የራሴ ልጅ ደሴ ናት፣ እናቴ ጋ። 11 ወሯ ላይ ነው ትቻት የመጣሁት፣ አሁን ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆናለች። በኢሞ ነው የምንገናኘው። እሷ «እማ» የምትለው ስልኩን ነው። እናቴ «እማን አምጪ» ስትላት ሄዳ ስልኩን ይዛ ትመጣለች። ቻርጅ ዘግቶ ስክሪኑ ሲጠፋ «እማ ተኛች» ትላለች። ባለፈው ሳምንት ስልኩን ብርድ ልብስ አልብሳው እናቴ ሲጠራ ሰምታ ግማሽ ሰዓት ፈልጋ አጣችው።

ስንገናኝ «እማ ነይ» ትለኛለች። እኔን ስትለኝ ትክክል ነው። ኮንትራቴ ሰባት ወር ቀርቶታል።

የአራተኛ ፎቅ አባት (ዓርብ፣ ከጠዋቱ 12፡30)

እህቴ፣ ይህንን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ ሳነብላት ብርድ ልብሱ ጋ ስደርስ ድምፄ አልወጣ አለ፣ ስልኩን ተቀብላኝ ራሷ ጨረሰችው። ሰባት ወሩን ያቅልልሽ። ስትገናኙ መጥተሽ ጻፊልን።

ቡና በጤናዳም (ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡10)

ኩዌት ያለችው፣ አይዞሽ የኔ እናት። «እሺ ማለት ነው» ያልሽው ግን ገደለኝ።

የአራተኛ ፎቅ አባት (ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ፣ ከቀኑ 10፡00)

እንዴት ናችሁ? ወሬ ላድርስ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ሲስተር፣ ኩፍኙን ተከትባለች። ታፋዋን ስትወጋ አላለቀሰችም፣ ፕላስተሩን ስናነሳባት ነው ያለቀሰችው። «የኔ! የኔ!»። ነርሷ ሌላ አዲስ ለጠፈችላት።

ሁለተኛ፣ ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ስገባ እንደ ልማዷ ሮጣ መጣች። እጇን ዘረጋች። «አባ ና!» አለች።

ባለቤቴ ከወጥ ቤት ወጥታ «ሰማህ?» አለችኝ። ሰምቻለሁ። ቦርሳዬን አስቀምጬ እዛው በሩ ላይ በርከክ አልኩና «ማን ልበል?» አልኳት። «አባ ና!» ደገመችው። ሳልዋሽ፣ ትንሽ ቅር አለኝ። ሰው ፊት ስንት ጊዜ የተሳቀብኝ ሰውዬ «ነይ» ናፈቀኝ።

ናፍቆቱ ግን ብዙ አልቆየም። ማታ አያቷ ስትደውል «አያ ና!» አለቻት። እናቷን «እማ ና»። ሦስተኛ ፎቅ ጫማ የሚያወልቁትን ሴትዮ «ና»። ደረጃው ላይ የምትተኛዋን ድመት «ና»። ዛሬ ቡና ሲቆላ ክዳኗን ይዛ ስትዞር አሻንጉሊቷን ሳይቀር «ና» ስትላት ሰማኋት። እኔ ጋ ስትደርስ ስልኬ መኝታ ቤት ነበር። በመዳፌ ሳብኩ። አልበቃትም፣ ሁለቴ አስደገመችኝ።